አሥራ ሁለት ተብሎ ይጻፍ

ፈይሳ የልጁን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገልጦ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካካ። ከላይ በስተቀኝ፣ ከክራንቻው ቀጥሎ ያለው ጥርስ ላይ ሲደርስ ጥርሱ ተነቃነቀ።

«ይሄ መቼ ነው የሚወልቀው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ቀነዓ፣ አፉ እንደተከፈተ።

«እስከ እሁድ እንዳይወልቅ። በምላስህ አትነካካው። ዳቦም በዚያ በኩል አታኝክ።»

«ሸንኮራስ?»

«ሸንኮራማ ጭራሽ!»

ያረጀ የመኪና ጎማ ላይ የተቀመጠው ጂብሪል፣ የቡድኑ በረኛ፣ ሳቁን አልቻለም። «ጋሼ፣ በማስቲሽ ለጥፍለት በቃ!»

ጥር 1974 ዓ.ም. ነበር። ፈይሳ ጎሚስታ ነው። ከናዝሬት ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወደ አሰብ የሚወርዱና ከአሰብ የሚመጡ ከባድ መኪናዎችን ጎማ ይጠግናል። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው። ሃያ ዓመት ሲሆነው ጎማ ሲነፋ የብረት ቀለበቱ ተስፈንጥሮ ግራ ጉልበቱን መትቶታል፤ ከዚያ ወዲህ እግሩ አይታጠፍም። በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለው ሜዳ የቀበሌውን ልጆች ኳስ ያጫውታል። የኳሱን ከመነዳሪ እንደ መኪና ጎማ እየለጠፈ ሦስት ዓመት አቆይቶታል።

በዚያ ሳምንት ከአውራጃው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደረሰው። ሻሸመኔ ላይ የልጆች ውድድር አለ፤ ከዓርብ እስከ እሁድ። ዕድሜ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት። እያንዳንዱ ልጅ ዕድሜው የተጻፈበት የቀበሌ ወረቀት መያዝ አለበት። ከአሥራ ሁለት በታች ለምን እንደተከለከለ ደብዳቤው አይናገርም። ፈይሳም አልጠየቀም።

ከአሥራ ሦስቱ ልጆች አሥራ ሁለቱ ዕድሜያቸው ደርሷል። ቀነዓ ጫላ ገና ዘጠነኛ ዓመቱ ላይ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ እሱ ነው።

ፈይሳ ራሱ በአሥራ አራት ዓመቱ ድሬዳዋ ሄዶ እንዲጫወት ተመርጦ ያውቃል። አባቱ ወለንጪቲ የሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። «ኳሱ ድሬዳዋ ሲደርስ ሌላ ቅርፅ ይኖረዋል?» ብለው ከለከሉት። ባቡሩ በቤታቸው ደጃፍ አለፈ። ጓደኞቹ በመስኮት እጃቸውን ሲያውለበልቡ ቆሞ አየ። ይህን ለልጆቹ ነግሯቸው አያውቅም።

የቀረው የቀነዓ እናት ፈቃድ ነበር።

ሎሚ የምትሠራው ቦሎቄ ለቀማ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሰማንያ ሴቶች ወለሉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ከነጩ ቦሎቄ ጠጠሩን፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን ይለያሉ። ፈይሳ ሰኞ ጠዋት ገባ።

«አካም ቡልቴ፣ ሎሚ? እንዴት አደርሽ?»

«ነጋ፣ ደህና። ለምን እንደመጣህ ልጁ ነግሮኛል። አይሆንም።»

«ገና ምንም አላልኩም።»

«ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ፈይሳ። ዘጠኝ! ጫማውን ግራና ቀኝ ይሳሳታል።»

«ኳስ ላይ አይሳሳትም።»

«አልጋ ላይ ይሸናል። እሱንስ ታውቃለህ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ከሎሚ አጠገብ የተቀመጠችው ኡሙሰልማ፣ የጂብሪል እናት፣ ጎንበስ እንዳለች «እኔ ጂብሪልን ሰጥቼዋለሁ» አለች። «የሦስት ቀን እንጀራ ይተርፈኛል።»

«ያንቺ ስድስት ናቸው» አለች ሎሚ። «የእኔ አንድ ነው።»

ፈይሳ ሌላውንም ምክንያት ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በ1969 ባሏ ጫላ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ሄደ። ከቀበሌው ደጃፍ መኪና ላይ ቆሞ ስሙ ሲጠራ «አቤት» አለ። ልጁ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሎሚ የባሏን ድምፅ አልሰማችም፤ ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣላትም።

«ልጄ ስሙ ተጽፎ መኪና ላይ አይወጣም» አለች።

ፈይሳ የማይታጠፍ እግሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ተቀመጠና ቦሎቄ መልቀም ጀመረ። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፤ ከጠጠሩ ጋር ደህናውንም ይጥላል። ሴቶቹ እስኪያለቅሱ ሳቁበት። ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። ረቡዕም መጣ። ረቡዕ ዕለት ስለ ቀነዓ አንድ ቃል አልተናገረም።

ከቀትር በኋላ ሎሚ ፊቷን ሳታዞር «የት ነው የሚተኛው?» አለች።

«አጠገቤ።»

«ማን ነው የሚያበላው?»

«እኔ።»

«አንተ ልጅ የለህ፤ ምን ታውቃለህ?»

«አሥራ ሦስት አሉኝ።»

«እነሱ የሰው ናቸው» አለች ሎሚ። «እሁድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመልስልኛለህ።»

«እመልስልሻለሁ።»

«ካልመለስክስ?»

«ጎማ ቤቴን አቃጥይው።»

«ምን አለህና ይቃጠላል!» አለች ኡሙሰልማ።

ፈይሳ ከዚያ በቀጥታ ቀበሌ ሄደ። የቀበሌው ጸሐፊ አቶ ዘገዬ አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ኪሳቸው ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰኩ ሰው ናቸው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ሌሎች ጸሐፊዎች የተሳሳተ ቁጥር በምላጭ ይፍቃሉ። እሳቸው ፍቀው አያውቁም። በቀይ አንድ መስመር ይሰርዛሉ፣ ከላይ አዲሱን ይጽፋሉ፣ ከጎኑ በማን ምስክርነት እንደተስተካከለ ይመዘግባሉ።

የቤተሰቡን መዝገብ ገለጡ። «ቀነዓ ጫላ። የትውልድ ዓመት 1965።»

«ተሳስቶ ነው የተጻፈው፣ አቶ ዘገዬ። 1962 ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«እናቱ ትምጣና ትናገር።»

«ሥራ ላይ ናት። እኔ እፈርማለሁ።»

አቶ ዘገዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ልጁን ያውቁታል፤ በመስኮታቸው ስር ኳስ እያንጠባጠበ ያልፋል። ሊቀመንበሩ ግን የቀበሌው ስም ሻሸመኔ ላይ እንዲጠራ ይፈልጋሉ፤ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል።

«ወረቀቱ ላይ ብቻ አሥራ ሁለት ተብሎ ይጻፍ» አለ ፈይሳ። «መዝገቡን መንካት አያስፈልግም።»

«ወረቀት ከመዝገብ የሚለይበት ቀበሌ ውስጥ እኔ አልሠራም።»

ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ። 1965ን በአንድ መስመር ሰረዙ። ከላዩ 1962 ጻፉ። ፈይሳ ፈረመ። ስለ መዝገቡ ለሎሚ አልነገራትም።

ዓርብ ጠዋት አንድ የሻሸመኔ ሾፌር ባዶ ማዳበሪያ በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪናው በነፃ ወሰዳቸው። ሞጆ ኬላ ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀቱን እያነበበ ልጆቹን ቆጠረ። ቀነዓ ላይ ሲደርስ «ይሄኛው ከማዳበሪያዎቹ ጋር ነው የተጫነው?» አለ። ልጆቹ እስከ ዝዋይ ድረስ በዚህ ሲያላግጡበት ሄዱ። ቀነዓ ግድ አልሰጠውም። ሐይቅ አይቶ አያውቅም ነበር፤ አየ።

ሻሸመኔ፣ ውድድሩ በሚካሄድበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ራህመቶ የሚባል የስፖርት አስተማሪ ጠረጴዛ ዘርግቶ ወረቀት ይመረምራል። ከቀነዓ ወረቀት ወደ ቀነዓ፣ ከቀነዓ ወደ ወረቀቱ አየ።

«ይሄ አሥራ ሁለት ነው?»

«እናቱ አጭር ናት» አለ ፈይሳ።

«ስለ እናቱ አልጠየቅሁም። አፍህን ክፈት፣ ማሙሽ።»

ቀነዓ ከፈተ። ፈይሳ መንገድ ላይ እንደነገረው ጥርሱን ከኋላ በምላሱ ደገፈው። ራህመቶ በእርሳሱ ጫፍ ነካ አደረገው። ተንቀሳቀሰ።

«የወተት ጥርስ ነው» አለ ራህመቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወረቀቱ ግን…»

«ወረቀቱን አይቻለሁ። ደንቡ ውስጥ አሥራ ሁለት የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። አምና አንድ ቡድን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዞ መጣ። በሁለተኛው ቀን ልጁ እናቴ ጋ ልሂድ ብሎ በእግሩ ወጣ። ያገኘነው አርሲ ነገሌ መግቢያ ላይ ነው። ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር።»

«ይሄ አጠገቤ ነው የሚተኛው።»

ራህመቶ ከኋላ ተሰልፈው የሚጠብቁትን አሥራ ሁለቱን ልጆች አየ። ያመጣቸው መኪና ሄዷል። ማህተሙን መታ።

«ለእናቱ መልስ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት» አለ።

ያደሩት መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ገጥመው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቀነዓና ጂብሪል አብረው የለበሱት ብርድ ልብስ ረጥቦ ተገኘ። ማንም ሳይጠይቅ ጂብሪል «እኔ ነኝ፣ ውሃ ስጠጣ ደፋሁት» አለ። ክፍሉ ውስጥ ውሃ አልነበረም። ፈይሳ ብርድ ልብሱን አውጥቶ አጥር ላይ አሰጣው።

ቅዳሜ ከዝዋይ ልጆች ጋር ያለ ግብ ወጡ። እሁድ በሻሸመኔ ሦስት ለአንድ ተሸነፉ። አንዷን ያገባው ቀነዓ ነው። ሁለት ተከላካዮች አልፎ በበረኛው እግር መሀል አሾለካት፤ ሻሸመኔዎች ራሳቸው አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ልጅ ሲዞር ክርኑ የቀነዓን አፍ መታውና ቀነዓ ወደቀ።

ፈይሳ እያነከሰ ሮጦ ሲደርስ ልጁ ሣሩን በእጁ እየዳሰሰ ያለቅሳል፤ አገጩ ደም ብቻ ነው።

«የት ጋ አመመህ?»

«ጥርሴ! ጥርሴ ጠፋ!»

«ጥርስ እኮ ይበቅላል።»

«እናቴ ቤት ጣራ ላይ ነው የሚጣለው! እዚህ ከቀረ አይበቅልም!»

ጂብሪል ግቡን ጥሎ መጣና በጉልበቱ ተንበርክኮ ፈለገ። አገኘው። ፈይሳ ጥርሱን በሸሚዙ ጠርጎ ባዶ የማስቲሽ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው፤ ቆርቆሮውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ራህመቶ ከመስመር ውጭ ቆሞ ያያል።

በዚያው ኤንትሬ ሲመለሱ መቂን እንዳለፉ የመኪናው የኋላ ጎማ ፈነዳ። ፈይሳ በአምሳ ደቂቃ ለጠፈው። ናዝሬት ሲገቡ ፀሐይ ጠልቃለች። ሎሚ ጎማ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ዘግይተሃል።»

«ጎማ ፈነዳ።»

«አንተ የጎማ ሰው አይደለህ እንዴ?»

ልጇን ከማዳበሪያው ላይ አወረደች። ያበጠ ከንፈሩን አየች፣ ክንዶቹን ዳሰሰች፣ ጫማውን አየች። ጫማው ግራና ቀኝ ትክክል ነበር። ፈይሳ የማስቲሹን ቆርቆሮ ሰጣት። ቤታቸው ደርሰው ቀነዓ ጥርሱን ጣራው ላይ ወረወረው፤ የጣራው ቆርቆሮ ኳ አለ።

ሎሚ ከዚያ በኋላ ቀነዓን ከልክላ አታውቅም። ልጁ ሞጆ ሄደ፤ መቂ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ አሰላ ሄደ። ሁልጊዜም ተመለሰ። አሥራ አራት ሲሞላው ኳሱን ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጎ ሒሳብ ወደደ። ፈይሳ ይህን እንደ ክህደት ቆጥሮበት አንድ ወር አኮረፈው።

በግንቦት 1980 ዓ.ም. የቀበሌው ግድግዳ ላይ የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ተለጠፈ። አሥራ አራት ስሞች። ዘጠነኛው ቀነዓ ጫላ፣ 18 ይላል።

ሎሚ ከመጋዘኑ ቀጥታ መጣች። ፈይሳ የጎማ ቀለበት እየመታ ነበር። መዶሻውን እስኪያስቀምጥ ቆማ ጠበቀች። አልጮኸችም።

«አሥራ ሁለት አልከው» አለች።

ፈይሳ እጁን ሳይታጠብ ቀበሌ ሄደ። አቶ ዘገዬ ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ እስክሪብቶዎቹ ግን ሁለቱም ኪሳቸው ላይ ናቸው። መዝገቡን ሳይጠየቁ ገለጡ።

«ዘመቻው ሲታወጅ አሰብኩት» አሉ። «እኔ ግን ያለ ማስረጃ ቁጥር አልነካም።»

«ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው። ይኸው፣ 1965 ከስሩ አለ። አልፋቅሁትም። የተሰረዘው በአንተ ምስክርነት ነው። ምስክርነቱ ከወደቀ ስረዛውም ይወድቃል፤ የድሮው ይመለሳል።»

«ታዲያ ይውደቅ!»

አቶ ዘገዬ በሩን አዩት። የሊቀመንበሩ ክፍል ከግድግዳው ማዶ ነው።

«ዋሽቼ ነው ብለህ መጻፍ አለብህ። ያኔ ኳስ ነበር፤ አሁን ውትድርና ማደናቀፍ ይሉታል። ይህን ከጻፍክ ዛሬ ቤትህ አታድርም።»

«ወረቀት ይስጡኝ።»

«ቀበሌው አሥራ አራት ሰው ነው የሚያቀርበው። አንድ ከወጣ ተጠባባቂው ይገባል። ተጠባባቂው ማን እንደሆነ አልጠየቅህም።»

ፈይሳ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ዕድሜው ደርሷል?»

«በትክክል ደርሷል።»

«እንግዲያው አይንገሩኝ» አለ ፈይሳ።

አምስት መስመር ጻፈ። ከጥቁር እጁ የተነሣ ወረቀቱ ዳሩ ላይ አሻራ ቀረበት። አቶ ዘገዬ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ፣ 1962ን በአንድ መስመር ሰረዙ። ከላዩ 1965 ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱንና መዝገቡን ይዘው ወደ ሊቀመንበሩ ክፍል ገቡ። የሊቀመንበሩ ጩኸት እስከ ውጭ ድረስ ተሰማ። አቶ ዘገዬ ሲጮኹ አልተሰማም፤ ሁለት ጊዜ «መዝገቡ ይታይ፣ ጓድ» ሲሉ ብቻ ተሰማ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ፈይሳን ወሰዱት። ጎማ ቤቱን የዘጋችው ሎሚ ናት።

ፈይሳ ሰባት ወር ታስሯል። በነዚህ ወራት ዓርብ ዓርብ ምግብ ታመጣለት የነበረችው ሎሚ ናት። በሦስተኛው ዓርብ ተጠባባቂው ማን እንደነበር ነገረችው። ኡሙሰልማ መጋዘኑ ውስጥ ከሎሚ አጠገብ መቀመጥ ትታ ከበሩ ዳር መቀመጥ ጀምራ ነበር።

ሲፈታ መጀመሪያ የሄደው ወደ ኡሙሰልማ ቤት ነው። በሩ ላይ ቆመ። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልተናገሩም። ብዙ አልቆየም፤ ውሃ ግን ጠጥቶ ነው የወጣው።

ኳስ ማጫወቱን አልተወም። ከናዝሬት ሲወጣ ግን ቢያንስ አንዲት እናት መኪናው ላይ ካልወጣች አይንቀሳቀስም። በ1982 ወለንጪቲ ሲሄዱ ማዳበሪያው ላይ የተቀመጠችው ሎሚ ነበረች፤ የእሷ ልጅ በቡድኑ ውስጥ አልነበረም።

ቀነዓ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው በሰኔ 1983 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ለውትድርና የሚጠራ ቀበሌ አልነበረም። ዛሬ ወለንጪቲ ሒሳብ ያስተምራል።

ጂብሪል ከዘመተበት ከኤርትራ በእግሩ ሱዳን ገብቶ በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ ናዝሬት ደረሰ። ከፈይሳ ጋር ጎማ ይጠግናል።